በከዲጃ ወረቀት ላይ ያሰመርኩት ቀይ መስመር

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለልጆቼም አልነገርኩም፤ የንስሐ አባቴም እንኳ አልሰሙትም። እሳቸው ፊት ስቀርብ የሆነ ያልሆነውን እዘረዝራለሁ፤ ተሳደብኩ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ። ይህኛውን ግን ዘልዬ፣ ይፍቱኝ ብዬ እነሣለሁ። አሁን ግን መረረኝ። በራሴ መረረኝ። ስለዚህ ስሙኝ፤ አትዘኑልኝ፣ ስሙኝ ብቻ።

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ነበርኩ። አገሬ ደጋ ነው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ስለተማርኩ፣ ጣሊያኖቹ ቆላ አውርደው አንድ የሣር ቤትና ሠላሳ ልጆች አስረከቡኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው! ልጆቹ ደግሞ ያደርቁኛል። የማሳውን ዙሪያ ፈልጉ ስላቸው ያባዛሉ፤ ውስጡ ስንት መሬት እንዳለ ፈልጉ ስላቸው ይደምራሉ። «ዙሪያ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ! ስንቴ ልንገራችሁ?» እያልኩ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። አይ እኔ! ቃሉን እጮኻለሁ እንጂ ነገሩ ለእኔም አልገባኝም። ዙሪያቸው እኩል የሆነ ሁለት ማሳዎች ውስጣቸውም እኩል ይመስለኝ ነበር። ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

የአገሩ ልማድም ይህንኑ ስሕተቴን ደገፈልኝ። በዚያ ቆላ ሁለት ጎረቤቶች መሬት ሲለዋወጡ ሽማግሌዎች የቃጫ ገመድ ይዘው ማሳውን ይዞሩታል። አንዱን የዞረው ገመድ ሌላውንም ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከገጠመ ፋቲሃ ተቀርቶ ዱዓ ይደረጋል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የሚለዋወጡት ማሳዎች ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ከከተማው አጠገብ ያለችው ሜዳ ማሳቸው ስድስት ልጅ የምታበላ የማሽላ መሬት ናት። የጣሊያኑ ሹም ጥጥ ሊያስዘራባት ፈለገ። በልዋጩ እኩል መሬት ይሰጠው፣ አንተ ለካ ብሎ አዘዘኝ። እኔ ለካሁ። የሼሁን ማሳ በገመድ ዞርኩት፤ በየጎኑ ስድሳ ስድሳ ርምጃ ነው። ያንኑ ገመድ ይዤ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድኩ፤ ርዝመቱ መቶ ርምጃ፣ ወርዱ ሃያ ርምጃ የሆነ መሬት አገኘሁ። ገመዱ ልክክ አለ። ሽማግሌዎቹ እኩል ነው አሉ። ሼሁ ግን ልባቸው ጠረጠረና ፊርማውን ለሳምንት አዘገዩት።

በዚያው ሳምንት ልጆቹን ፈተንኩ። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከዲጃ፣ የሼህ እንድሪስ ልጅ። የአባቷ ዓይን እየደከመ ስለሄደ ወረቀት እንድታነብላቸው ብለው ነው ያስገቧት። የመጨረሻው ጥያቄ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ የሚሠራ ነበር፤ ዛሬ ግራፍ የምትሉት ዓይነት። አንዷን የወረቀቱን ካሬ አሥር ርምጃ በአሥር ርምጃ አድርጋችሁ፣ ዙሪያቸው እኩል የሆነ ሁለት ማሳዎች ሣሉ አልኩ። ሌሎቹ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ደግመው ተገላገሉ።

ከዲጃ ግን የአባቷን ማሳ ሣለች፤ ከጎኑ እኔ ስለካ አባቷን ተከትላ ያየችውን የወንዝ ዳር መሬት ሣለች። በየካሬው አንዳንድ ነጥብ አስቀምጣ ቆጥራለች። በአባቷ ማሳ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አለ፤ በወንዝ ዳሩ ሃያ። ከሥሩ «ዙሪያቸው አንድ ነው፣ መሬታቸው ግን አንድ አይደለም» ብላ ጽፋለች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይህቺ እንጭጭ እኔን ልታርም! ነጥቦቹን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስተኛም ቆጠርኩ። ልጅቷ ልክ ናት። እኔ ሠላሳ ስድስቱን ወስጄ ሃያ ሰጥቻለሁ። ይህን ያወቅሁት ሼሁ ሳይፈርሙ ነው፤ ልብ በሉልኝ፣ ሳይፈርሙ! አንድ ቃል ብናገር ይቃና ነበር። ታዲያ ምን ያዘኝ? መምህሩ ተሳሳተ፣ ያውም በሴት ልጅ ታረመ እንዳይባል። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ።

በማግሥቱ ሼሁ ልጃቸውን አስከትለው መጡ።

«መምህር፣ ይህቺ ልጅ መሬቱ አይተካከልም ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ? የተማሩት አንቱ ነዎት። አንቱ እኩል ነው ካሉ፣ ወላሂ፣ ጣቴን አኖራለሁ» አሉኝ።

ወረቀቷን አወጣሁ። ቀዩን እርሳስ አነሳሁና ሥዕሏን ከዳር እስከ ዳር በመስመር ሰረዝኩት። አውቄ ሰረዝኩት። ልጅ ናት፣ ተሳስታለች አልኩ።

ከዲጃ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፤ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ።

የቱ ጋ ብዬ ልንገራት? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ «ዝም በይ፣ ባለጌ!» አልኳት። አባቷም ቆጧት። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ያስተማርኳትን በትክክል ስለሠራች ባለጌ አልኳት።

ሼሁ ሊፈርሙ ሲመጡ ሹሙ ወንዝ ዳር ወርዶ መሬቱን አየው። ይህ አላነሰም ወይ፣ ካነሰ ጨምርለት፣ መሬት እንደሆነ ሞልቷል አለኝ። ሰማችሁ? መሬት ነጣቂው ጣሊያን ጨምርለት አለ! እኔ ያገሬው ሰው፣ «የለም ጌታዬ፣ እኩል ነው» አልኩ። ሹሙ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ሼህ እንድሪስ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እንግዲህ ፈርቼ ነው እንዳልል ማን አስፈራራኝ? ተገድጄ ነው እንዳልል ማን አስገደደኝ? ኤጭ!

የዝናቡ ጊዜ ደረሰና ሼሁ አዲሱን መሬት አረሱ። የቀድሞውን አራት ቀን የሚያርሱት በሬዎች ይህኛውን በሁለት ቀን ተኩል ጨረሱት። ከዘሩም ከግማሽ ትንሽ አነስ ያለው በጆንያው ቀረ። በመኸር ጊዜ የገባው ማሽላ እስከ ጥር እንኳ የሚያደርስ አልነበረም። መጀመሪያ አንዱን በሬ ሸጡ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ልጆቹ ሲገረጡ በዓይኔ አየሁ፤ በየጠዋቱ በትምህርት ቤቱ በር ነበር የሚያልፉት። አሁንም ወደ ሹሙ አልሄድኩም።

ከዚያ አንድ ቀን ሼህ እንድሪስ ከዲጃን ይዘው ደጄ መጡ። ያ ሁሉ ዘር ተርፎ፣ ያ ሁሉ እርሻ ቶሎ አልቆ፣ ሰውየው እኔን አልጠረጠሩኝም። ገመዱ ገጥሟል፣ መምህሩ እኩል ነው ብለዋል፤ ስለዚህ መሬቱ አላነሰም፤ የጎደለው በረካው ነው አሉ። በረካውን ያስነሣውም የልጃቸው ድፍረት ነው፤ መምህሯን አዋርዳ ቀልባቸውን አስቀይማለች ብለው አመኑ። ከትምህርት ቤት ካስወጧት ወራት አልፈዋል። ያን ዕለት ያመጧት ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ነው፤ ለእኔም አንዲት የቀረቻቸውን ዶሮ ይዘውልኛል።

«ይማሯትና ይመርቁልን መምህር፤ ልጆቹ አለቁብኝ» አሉ።

ከዲጃ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። አባቷ ያስጠኗትን ቃል አንድ በአንድ አለችው፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ድምጿ ውስጥ ምንም ስሜት አልነበረም። ቀና ስትል፣ እውነቱን እንደምታውቅ፣ እኔም እንደማውቀው እንደገባት ዓይኖቿ ነገሩኝ። አሁንም ጊዜ ነበረ! ሹሙ እዚያው ነበር፣ ወንዝ ዳርም ባዶ መሬት ነበር፤ ልጄ ሆይ ልክ ነሽ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

እኔ ግን እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት። መረቅኋት። ዶሮዋንም ተቀበልኩ፤ በላኋትም።

ሳምንት ሳይሞላ ቤተሰቡ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ማጀቴ ወደምትባለው ከተማ በኩል ሄደ፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም። ጣሊያንም ወጣ፣ እኔም ሌላ ቦታ ብዙ ዓመት አስተማርኩ፣ ጎበዝ መምህር ተባልኩ፤ ስባልም እጅ ነሥቼ እቀበል ነበር። ይቅር በሉኝ እንዳልላችሁ የተራቡት እናንተ አይደላችሁም፤ የተንበረከከችውም የእናንተ ልጅ አይደለችም። ከዲጃ አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፤ ስሕተት እንኳ አልለውም፣ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ አውቄው ነበር።