ደምሰውን ያጎረስኩት ቀን

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አራዳ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ አዳሪ ተማሪ ቤት ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሁን ጥርሴ አልቆ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በመካከሉ ጦርነቱንም ቦምቡንም አሳልፌያለሁ፤ እንደዚያ ሳምንት ግን ፈርቼ አላውቅም። ታሪኩን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። አንዷን ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ደምሰው ከቡልጋ የመጣ ልጅ ነበር። አልጋችን ጎን ለጎን ነው። በትምህርትም እሱ አንደኛ ሲወጣ እኔ ሁለተኛ፣ እኔ አንደኛ ስወጣ እሱ ሁለተኛ ነበርን። አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሙሴ የምንላቸው ፈረንሳዊው የተማሪ ቤቱ ሹም ሰበሰቡንና ከመካከላችን አንድ ልጅ ለትምህርት ፈረንሳይ አገር እንደሚላክ ነገሩን። የተመረጠው ደምሰው ሆነ። ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ካላለ ግን በእሱ ፈንታ የምሄደው እኔ ነኝ ተባለ።

እንኳን ደስ ያለህ ማለት አቃተኝ። ቅናት አንገበገበኝ ብል ይሻላል። የዚያኑ ዕለት በሆነ ባልሆነው ተጣላንና ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ ግቢው መሃል ቆሜ፣ "ስትሳፈር እናያለን!" አልኩት። በልቤ ምንም የያዝኩት ክፋት አልነበረም፤ አፌ ነው የቀደመኝ። የተናገርኩትን ግን ሁሉም ሰምቷል።

ሰኞ ሐኪሙ መጣ። ደምሰውን ለብቻው አስገብቶ መረመረው፣ ጥቂት እንክብል ሰጠው፣ ሐሙስ ደግሜ አየዋለሁ ብሎ ሄደ። እንክብሉ ለምን እንደሆነ ደምሰው ለማንም አልተናገረም። ኩርፊያ ላይ ስለነበርን እኔም አልጠየቅኩትም።

ማክሰኞ ምሳ ላይ የግዕዝ መምህራችን አለቃ ኩርፊያችን ስላላማራቸው ሁለታችንን ከሌሎች ስድስት ልጆች ጋር በአንድ ገበታ አስቀመጡን። በሉ ተጎራረሱና ይብቃ አሉ። እኔ ቀደምኩ። ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ደህና አድርጌ አገዘፍኩና አጎረስኩት።

ደምሰው ከመጀመሪያውም ምግብ አልነካም ነበር። የእርቅ ጉርሻ ግን እንዴት ይመልሳል? ቢመልስ አልታረቅም ማለቱ ነው። እያላመጠ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ሞኙ ፍቅር መሰለኝ፤ የእኔም ሆዴ ባባ።

በተራው ሳያጎርሰኝ ተነስቶ ወጣ። ግቢው መሃል እንደ ደረሰ በጉልበቱ ወደቀና የበላውን ሁሉ አስመለሰው። ላብ አጠመቀው፣ እጅ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ተሸክመን ወደ በሽተኞች ክፍል ስንወስደው ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ እያለ ይጮህ ነበር።

መርዝ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማን እንዳመጣው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ግን ግቢው በሙሉ እሱን ነበር የሚያወራው። ስምንታችን አንድ ሽሮ በላን፤ የታመመው አንዱ ብቻ ነው። ያ አንዱ ደግሞ እኔ በእጄ ያጎረስኩት፣ ስትሳፈር እናያለን ብዬ የዛትኩበት፣ ቢሞት ቦታው የሚደርሰኝ ሰው ነው። እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን በራሴ ላይ እፈርድ ነበር።

ሙሴ ጠርተው ከግቢ እንዳልወጣ አዘዙኝ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ነገሩ ካልተጣራ ለአራዳ ዘበኛ እንደሚያስረክቡኝም ነገሩኝ። እራት ላይ እጄን ወደ ገበታው ስዘረጋ የሌሎቹ እጅ ሁሉ ተሰበሰበ።

ከሁሉ የባሰው ራሴን መጠርጠሬ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መርዝነት አለው የሚባል የፈረንጅ የጽሕፈት ቀለም በጥብጬ ነበር። እጄን በደንብ ታጥቤያለሁ? ጥፍሬ ሥር ተርፎ ከሆነስ? እጄን እያገላበጥኩ ሳሸት ዋልኩ። በመጨረሻ፣ የሆነው ይሁን ብዬ፣ ያልታጠበ የመሰለኝን ጣቴን ላስኩት። ቀጥዬም ወጥ ቤቷ ዘንድ ሄጄ ከምሳው ድስት የተረፈውን ሽሮ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሴትዮዋ እሷም እንዳትያዝ ፈርታ ስታለቅስ ነበር የዋለችው። ፊቷ ቁጭ ብዬ ጠርጌ በላሁትና ሆዴን ይዤ ጠበቅኩ። ከፍርሃት በቀር የመጣብኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ምግቡም እጄም ነፃ ናቸው። ደምሰው ከእኛ ተለይቶ የወሰደው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በዚያው ማክሰኞ ተጠርቶ የመጣው ሐኪም ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ እያለ ቢጠይቀው ግን ደምሰው ራሱን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አልሰጠም።

ረቡዕ ማለዳ ታላቅ ወንድሙ ባሻ ይርጉ መጣ። ወታደር ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ዘበኛው ሊያስቆመው አልደፈረም። የበሽተኞች ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ማን እንዳጎረሰው ነግረውታል። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ፤ ግን..."

"ግኑን ተወው። ወንድሜ ከሞተ እኔ ዳኛ ዘንድ አልሄድም።"

ይህን ሲል አልተቆጣም። ሰው ስለ ነገ ሥራው እንደሚናገር አድርጎ ነው የተናገረው። እንዴት ከዚያ እንደራቅኩ አላስታውስም።

ከደምሰው ወዲያ ማዶ የሚተኛው ልጅ በመከራ አነጋገረኝ። ማክሰኞ የማለዳው ደወል ሳይደወል ደምሰው ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ጓሮ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ሲሄድ አይቶታል። ሮጬ ሄድኩ። የረገፈውን ቅጠል በእግሬ ስበትን አንድ ቅል አገኘሁ። ውስጡ ቀላ ያለ አተላ ደርቆበታል። አሸተትኩት፤ ኮሶ ነው።

ተስፋ የቆረጥኩት ያኔ ነው። ኮሶ መርዝ ነው ብሎ ማን ያምናል? ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ ትሉን ያወርዳል፣ ቀኑን ታምሞ ይውላል፣ በማግስቱ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኛ ተማሪዎች ብቻ ነበርን የተከለከልነው። ተማሪው ኮሶ ጠጣሁ እያለ ከትምህርት ስለሚቀር ሙሴ፣ ኮሶ የጠጣ ይባረራል ብለው ደንብ አውጥተዋል። ደምሰው ለምን አፉን እንደዘጋ አሁን ገባኝ። ለምን ሊሞት እንደደረሰ ግን አልገባኝም።

አተላውን ከደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት ጠቀለልኩና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ወደ አራዳ ገበያ ወጣሁ። ኮሶ የሚሸጡት ሴቶች አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሁለቱ አላየንም አሉኝ። ሦስተኛዋ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴትዮ፣ የደምሰውን መልክ ስነግራት አስታወሰችው።

"ያ ዓይነ አፋር ልጅ? ሰኞ መጥቷል። አንዱ ለጓደኛዬ ነው ብሎኝ ሁለት እፍኝ ሰጥቼዋለሁ።"

ለጓደኛው አልሰጠም፣ ብቻውን ነው የጠጣው አልኳት። እጇን ከቁናው ላይ አነሳች።

"ልጄ፣ ሁለቱን? ፈረንጁም እኮ እንክብል ሰጥቶኛል ብሎኝ ነበር። ዋጥኩት፣ ግን ቁርጠት እንኳ አላመጣብኝም፣ ይሄ ምኑ መድኃኒት ነው እያለ ሲስቅ ነበር።"

እዚያው ገበያው መሃል ቆሜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ሐኪሙ ያገኘበት ትል ነው። ሐሙስ ትሉ ካልወጣ ፈረንሳይ የለም። እኛ ደግሞ ካልመረረና ካልቆረጠ መድኃኒት አይመስለንም። ደምሰው የሐኪሙ እንክብል ሆዱ ውስጥ እያለ፣ እርግጠኛ ለመሆን ብሎ የሁለት ሰው ኮሶ ጨመረበት። ሐኪሙ ይህን አያውቅም። ጓደኛዬ ደግሞ ቢሞት አይናገርም።

ቁልቁል እየሮጥኩ ተመለስኩ። የሦስት ሰዓት ደወል ሲደወል በአጥሩ ገብቼ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋ ደረስኩ። እስካሁን ታሪኩን ሳወራ፣ ከዚያ በቀጥታ ገብቼ ተናገርኩ እል ነበር። ውሸት ነው።

ባሻ ይርጉ ደጃፉ ላይ እንዳለ ነበር። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው። ለመግባት በእግሮቹ ላይ መሻገር ነበረብኝ። ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ዓይኑን ወደ እኔ ሲያዞር የመሰለኝ ጊዜ ወደ ግድግዳው ተመለስኩና ተለጠፍኩ። ትንሽ ቆይቼ እሄዳለሁ አልኩ። ትንሽ ቆየሁ፤ አልሄድኩም።

ከቆምኩበት መስኮቱ ይታየኛል። ሐኪሙ የደምሰውን ራስ ቀና አድርጎ በማንኪያ የጉሎ ዘይት ሲያጠጣው አየሁ። መርዙን ጠርጎ ያወጣልኛል ብሎ ነው። ቆይቶ ደገመው። የአራት ሰዓት ደወል ተደወለ። የአምስት ተደወለ። ወጥ ቤቷ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቃ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እሷን ልልካት እችል ነበር። አላሰብኩትም እንዳልል፣ አስቤዋለሁ። የምትሄድ ከሆነ ባሻው ማን ላከሽ ይላታል፣ እሷም ወደ እኔ ታመለክታለች ብዬ ተውኩት። ይህን ሁሉ ለማስላት ጊዜ ነበረኝ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ባሻ ይርጉ ውሃ ሊጠጣ ተነሳ። ያኔ ነው የሮጥኩት።

ለሐኪሙ በፈረንሳይኛ ነገርኩት። ምላሴ ተሳስሮ የእንክብሉንና የኮሶውን ነገር ሁለት ጊዜ ደጋገምኩ። ሐኪሙ የዘይቱን ጠርሙስ ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ጥግ ወረወረውና ጮኸ። ከኋላዬ የጠመንጃ ሰደፍ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ባሻው ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ፈረንሳይኛ አይሰማም፤ ያየው እኔ ስናገር ፈረንጁ ሲጮህ ነው። ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም። አሁን ከጀርባዬ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያዳኑኝ በሽተኛው አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት አለቃ ናቸው። በአማርኛ ምን እንዳልኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ወደ ደምሰው ጎንበስ ብለው፣ "ልጄ፣ ከእንክብሉ ላይ ኮሶ ጠጥተሃል?" አሉት። ደምሰው አዎ ካለ ፈረንሳይ እንደቀረበት ያውቃል። በመጨረሻ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደምሰው አልሞተም። ሐኪሙ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ከአጠገቡ አልተለየም። ዓይኑ ግን አልተመለሰም፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ከዚያ ወዲህ አላየም። ሁለቱ መድኃኒቶች ተጋግዘው እንደጎዱት፣ ዘይቱም እንዳባባሰው ሐኪሙ ነገረን። ለብቻው ሳገኘው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ብነግርህ ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ትክ ብሎ አየኝና ማን ያውቃል ብሎ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ባሻ ይርጉ ከመሄዱ በፊት ፈልጎ አገኘኝ። አቅፎ ትከሻዬን ሳመኝ፤ ወንድሜን ያተረፍክልኝ አንተ ነህ እያለ አለቀሰ። ግድግዳው ጋ ተለጥፌ መዋሌን አልነገርኩትም። ፈረንሳይም የሄድኩት እኔ ነኝ። እምቢ አልኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ሄድኩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ተመለስኩ።

ደምሰው ዛሬ አፍንጮ በር ይኖራል። አግብቶ ወልዷል። በየበዓሉ ልጠይቀው ስሄድ ድምፄን ሰምቶ ይነሳልኛል፣ ለእንግዶቹም ያዳነኝ ሰው መጣ ይላቸዋል። እውነቱን ልነግረው ስንት ጊዜ አስቤ ሄጄ፣ ምሳ በልቼ ተመልሻለሁ። ሽማግሌ ሆኜም ያው ፈሪ ነኝ።

ትልቋ ልጁ በየሳምንቱ ጋዜጣ እንደምታነብለት፣ ይህ ታሪኬ የሚወጣበትንም ዓምድ እንደሚወደው ነግሮኛል። ስሙን ብለውጠውም ማን እንደሆነ ያውቃል ብዬ አልለወጥኩትም። ልጄ፣ ለአባትሽ እስከ መጨረሻው አንብቢለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ። አይግባብኝ ካለ አትደብቂኝ፤ በሩ ላይ ንገሪኝ።