ማንም ሳያባርረን የሮጥንበት ክረምት

በፎገራ ሜዳ ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ አእምሮው ተነክቷል። እኔ ሁለቱንም ሳልሆን ክረምቱን ሙሉ ሮጥሁ። ዛሬ ወጣቶች በቁምጣ ሆነው በማለዳ አስፋልቱን ይዘው ሲሮጡ ሳይ፣ ከሞቀ መኝታቸው ምን እንደሚያስነሣቸው አይገባኝም። ለጤና ነው ይላሉ። እኔን ያስነሣኝ ፍርሃት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ የመጣው ክረምት ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ ለአብዮት በዓል ሦስት ስፖርቶች በአንድ የተያያዙበት ውድድር እንዳለ ነገረን። የርብን ወንዝ በዋና መሻገር፣ ከድልድዩ እስከ ወረታ በብስክሌት መሄድ፣ ከዚያ የገበያውን ሜዳ በሩጫ መዞር።

«ያሸነፈ የአውራጃው ስፖርተኛ ይሆናል። ስፖርተኛ ደግሞ ለዘመቻ አይመለመልም» አለ።

ማስታወቂያው በማኅበሩ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ፊደል የለየሁት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተትሁ አነበብሁት። ስለ ዋናው አለ፣ ስለ ብስክሌቱ አለ። «አይመለመልም» የሚል ግን የለበትም። በአፍ የተነገረ ነገር ወረቀት ላይ ሳይወጣ ሲቀር እጠረጥራለሁ።

ቢሆንም ተለማመድሁ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። እኔ ከተወሰድሁ ማሳዬን የሚያርስ፣ ጎርፍ ሲመጣ እሷን ይዞ ወደ ከፍታው የሚወጣ ሰው የለም። አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ አብሮኝ ይለማመድ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በጥርጣሬ ግን እኩል ነን።

«አንተ፣ ይኸ ነገር ጠንካራውን ከደካማው ለመለየት ቢሆንስ? በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታይ የለ?» አለኝ አንድ ጠዋት ጭቃ ለጭቃ ስንሮጥ።

«ታዲያ ለምን ትለማመዳለህ?»

«አንተ ስለምትለማመድ ነዋ!»

ብስክሌቱ ነው የባሰው። ወረታ ውስጥ ብስክሌት የሚያከራዩ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ነበሩ። ወተት እየወሰድንላቸው፣ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በፊት እንለማመድበታለን። ስንወድቅ ቆመው ያዩናል።

«እንደ በቅሎ በጉልበትህ አትቆንጥጠው፣ ልቀቀው! ለመሆኑ ከማን ልታመልጡ ነው?»

«ኧረ ከማንም አይደለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ወዴት ልትሄዱ ነው?»

«የትም አንሄድም። ዞረን እዚሁ ነው የምንመለሰው።»

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ብስክሌቱን ሲሰጡን ጋቢያችንን በመያዣነት ይቀበሉን ነበር። አልፈረድሁባቸውም።

ዋናው ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። በእኛ አገር ርብ ሲሞላ ሰው ብቻውን አይገባበትም። ከብቱን ያስቀድምና ጭራውን ይዞ ይሻገራል። የፎገራ ከብት ውሃ አይፈራም። ዋና ማለት ለእኛ ይኸው ነው። ስለዚህ የበዓሉ ዕለት ተወዳዳሪው ሁሉ በሬውን እየነዳ ወንዙ ዳር ደረሰ። ከአውራጃው የመጣው ፊሽካ የያዘ ወጣት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«ይኸ ሁሉ ከብት ምንድን ነው?»

«ለዋናው ነው፣ ጓድ።»

«የሚዋኘው ሰው ነው! ሰው ብቻ! ከብቱን መልሱ!»

አንድ ሽማግሌ ከኋላችን፣ «አያችሁ? እኛን አስምጠው ከብቱን ሊወርሱ ነው» አሉ። የሳቀ የለም። ከተወዳዳሪው የሚበዛው በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እኔና አማቼ ግን በሬዎቻችን ለእርሻ እንዳይደክሙብን ብለን፣ በልምምዱ ጊዜ ጭራውን መሀል ወንዝ ላይ እየለቀቅን ራሳችንን ችለን መውጣት ለምደን ነበር። ከሁሉም ቀድመን ተሻገርን። ብስክሌቱን ሁለት ጊዜ ወድቄም ቢሆን ወረታ አደረስሁት። የገበያውን ሜዳ ስንዞር ከፊታችን ማንም የለም።

የውድድሩ መጨረሻ ገመድ ጋ ስንደርስ ከሊቀመንበሩ አጠገብ፣ ጥላው ሥር፣ ሁለት ካኪ ለባሾች ተቀምጠዋል። ላንድሮቨር ቆሟል። እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። የአማቼም ቆመ።

«እለፍ» አለኝ።

«ኧረ አንተ እለፍ፣ ታላቄ ነህ።»

«ታላቅነቴ ዛሬ ነው የታየህ?»

ሰዉ «እለፉ እንጂ! ምን ነካችሁ!» እያለ ይጮኻል። አንዲት ሴት፣ «ሠርግ ቤት የሚገቡ መሰላቸው እንዴ?» ብላ ሜዳውን ሁሉ አሳቀችው። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። ያን ጊዜ አንድ የከተማ ጸሐፊ እያለከለከ ከኋላ መጣና፣ በመሀላችን ሾልኮ ገመዱን በደረቱ በጠሰው።

ካኪ ለባሾቹ የሩዝ ዘር ይዘው የመጡ የግብርና ሰዎች ነበሩ። ለጸሐፊው አጨበጨቡለት፣ በመኪናቸውም ሄዱ። ጸሐፊው የአውራጃው ስፖርተኛ ሆነ፤ ለዘመቻም አልተጠራም። በስፖርቱ ይሁን በጸሐፊነቱ፣ እስካሁን አላውቅም።

ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ጓያ ስንዘራ የውትድርናው ኮታ መጣ። ሊቀመንበሩ በስብሰባው ፊት ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«በበዓላችን ላይ የቀለደው ይኸ ነው። አቅም የለኝም እንዳይል፣ ጉልበቱን ሁላችሁም አይታችኋል።»

ማን ይክደው? ሁሉም አይቷል። አማቼ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ አብሮኝ ቆሞ እንደነበር ያነሣ ሰው የለም፣ እሱም አላነሣ። እሱ ቀረ። ማሳዬን አርሶ፣ ሚስቴን ጠብቆ ቆየኝ። እንዲያም ሆኖ፣ እንዴት ሊቀር እንደቻለ ጠርጥሬዋለሁ።

ልጄ የተወለደችው እኔ ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። እዚያ በየማለዳው ያስሮጡናል፤ ለምን እንደምንሮጥ ማሰብም አያስፈልግም። አንድ ቀን አሠልጣኙ ከሰልፉ ለይቶ አስቆመኝና፣ «አንተ፣ ትንፋሽህ ጥሩ ነው። የት ነው የተለማመድኸው?» አለኝ።

መልሴን ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ አላወቅሁም።

«ሮጬ አላውቅም፣ ጓድ» አልሁት።