ያሳነስኩት ጃኬት

እህቴ ከጅዳ የቆዳ ጃኬት ላከችልኝ። ያመጣችልኝ እዚያው ትሠራ የነበረች ጎረቤታችን ናት። ጥቁር ነው፣ ዚፑ ያብለጨልጫል፤ ለከተማችን ለመካነ ሰላም ብርድ ታስቦ የተሰፋ ይመስላል። ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጠ፣ ትከሻው ከትከሻዬ አልፎ ተንጠለጠለ። እናቴ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ጥፋቱ የእህቴ አልነበረም። ልኬን የገመተችው ቀደም ብሎ ከላክንላት ፎቶ ነው። ከፎቶው በኋላ ግን ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ወር ተኛሁ፤ ስነሳ አጥንትና ቆዳ ሆኜ ነበር። ይህን አልነገርናትም። ሞባይል ገና እኛ ዘንድ ስላልደረሰ በቀጠሮ ወደ ቴሌ ትደውላለች፤ እናቴ ብቻዋን ሄዳ «ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ትመለሳለች። ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ደንግጣ ሥራዋን ጥላ ብትመጣስ? አሁን ግን ጎረቤታችን «በአሥር ቀን ትከተለኛለች» አለችን። እህቴ ያን ጃኬት እላዬ ላይ ካየችው ሁሉንም ማወቋ ነው።

በአሥር ቀን የሄደ ሥጋ አይመለስም። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ጃኬቱ ነበር። ልብስ ሰፊው መርፌዬን ይሰብርብኛል ብሎ መለሰኝ። እኔ ግን የጠፍር አልጋ ላይ ነው ያደግሁት፤ ጠፍሩ ርሶ እንደሚወጠርና ሲደርቅ ተሰብስቦ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ጃኬትስ ቆዳ አይደል? ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እላዬ ላይ እንዲደርቅ ብዬ ለብሼው ፀሐይ ላይ ልቀመጥ ስል እናቴ ደረሰች።

«ከበሽታ በተነሳህ በሳምንትህ ውሃ ለብሰህ ትቀመጥ? አውልቅ!»

አውልቄ አጥር ላይ ሰጣሁት። አመሻሽ ላይ ሳነሳው በእርግጥ አንሷል፤ ነገር ግን መሬት ላይ ሳስቀምጠው ብቻውን ቆመ። እናቴ እሱንም እኔንም አየችና ሳቀች። ከታመምኩ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ለጋ ቅቤ አምጥታ ሦስት ቀን ሙሉ አሸችው። ቅቤ ቅቤ ቢልም ለሰለሰ፣ ልኬም ሆነ።

እህቴ ከደሴ አውቶቡስ ስትወርድ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ሳመችኝ፣ አልለቅም አለች። ስለ መክሳቴ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ተገላገልን አልኩ በሆዴ። ቤት ገብተን ትንሽ እንደቆየን ግን ጃኬቱን አስወልቃ ራሷ ለበሰችው። እጅጌው አንጓዋ ላይ እንኳ አልደረሰም።

«ስገዛው ለክቼዋለሁ፤ እጄን ይሸፍን ነበር። ይሄ የኔ አይደለም!»

እጅጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ለውጣብኛለች! ጥሩውን ለራሷ ወንድም፣ ይሄን ቅቤ ቅቤ የሚለውን ለኔ ወንድም!» ሻሿን አስራ ወደ ጎረቤታችን ቤት ተነሳች።

ምስኪኗ ሴትዮ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማ ባመጣች ሌባ ልትባል ነው። እናቴን አየኋት፤ መሬት መሬቱን ታያለች። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ያሳነስኩት እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ ነክሬ።»

«ለምን?»

«ስለከሳሁ። ሁለት ወር ታምሜ ነበር።»

ጥፊ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን መደቡ ላይ ቁጭ አለችና የትኞቹ ሁለት ወራት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ሐምሌና ነሐሴ አልኳት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እማ፣ እሱን አገናኚኝ ስልሽ ትምህርት ቤት ሄዷል አልሽኝ። በክረምት! ወላሂ፣ ሞቶብኝ መርዶውን የደበቃችሁኝ መስሎኝ ነበር። ይሄን ጃኬት ስገዛ የሚለብሰው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር።»

እናቴ አለቀሰች። እኔን ግን ቀለለኝ፤ ከአልጋ በተነሳሁበት ቀን እንኳ እንደዚያ አልቀለለኝም። እህቴ ጃኬቱን አውልቃ መልሳ አለበሰችኝና ዚፑን እስከ አንገቴ ሳበችው።

«ከስቷል ብትይኝ ኖሮ እኮ፣ እማ፣» አለች፣ «እልል ነበር የምለው።»