የጣቢያው ደፍ

አጀብ እኮ ነው! ልጅ እያለሁ፣ ባቡር በዓይናችን አይተን የማናውቅ የኮምቦልቻ ዳር ልጆች «ጣቢያው ጋ እንገናኝ» እንባባል ነበር። ጣቢያ የምንለው ወደ ደጋን በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ፣ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ቤት ነው። ውስጡ ፍየል ፍየል ይሸታል፤ ድብብቆሽ እንጫወትበታለን። ሐዲድ የሚባል ነገር ባካባቢው የለም። ታዲያ የምን ጣቢያ ነው? አንዱ ሽማግሌ «ጣሊያን ባቡር ላመጣ ነው ብሎ የሠራው ነው» ይላሉ፤ ሌላው «ኧረ ወላሂ የበቅሎ ጋጣ ነበር!» ብለው ይምላሉ። እናቴን ስጠይቃት «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብላ ታባርረኛለች።

አያቴ አባባ ሙሄ ግን ጥርጣሬ የሚባል አያውቁም። ታላቅ ወንድማቸው ሰይድ በጣሊያን ጊዜ ከመንገድ ቀያሾች ጋር ሲሄድ፣ እዚያ ቤት ደፍ ላይ አብረው ተቀምጠው «በባቡሩ እመለሳለሁ፤ እዚሁ ጠብቀኝ» ብሏቸው ነበር። ባቡሩም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። አባባ ግን ሁልጊዜ ከአሱር ሶላት በኋላ ደፉ ላይ ይቀመጣሉ። ባቡሩ በየት በኩል እንደሚመጣ ስለማይታወቅ አንዴ ወደ ደጋን፣ አንዴ ወደ ደሴ ያያሉ።

ደርግ ከገባ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ቤቱን አፍርሶ በድንጋዩ ትምህርት ቤት ሊሠራ አሰበ። እኔ ግራ ገባኝ። የምንማረው ዋርካ ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ትምህርቱ ይበተናል። ክፍል እንዴት እንደናፈቀኝ! ቤቱ ከፈረሰ ደግሞ ያ የአባባ ወንድም ከባቡሩ የት ይወርዳል? ዱዓ ላደርግ እጄን ዘርግቼ ምን እንደምለምን ጠፋኝ።

ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አባባን አየ። ሊቀ መንበሩም «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሏቸው።

«አፍርሱት» አሉ። «ልጅ ዝናብ እየመታው እኔ ግድግዳ አልጠብቅም። ብቻ ደፏን አደራ።»

ደፉ አዲሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ተተከለ። ከመኪና ጎማ ቸርኬ የተሠራው ደወል ተደውሎ ስንወጣ አባባ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አባባ፣ የሚጠብቁት እኔን ነው ወይስ ወንድምዎን?» አልኳቸው።

«ቀድሞ የመጣውን» አሉና ከረጢቴን ተቀበሉኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን፣ ያረቢ፣ እስከዛሬም አልለየልኝም።

አባባ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ዛሬ እኛ አገር ሐዲዱም ተዘርግቷል፣ የእውነት ጣቢያም ተሠርቷል። ዘመድ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ልጄን ይዤ ላየው ወጣሁ። ባቡር አልነበረም፤ ጭር ብሏል። የደከመኝ መስሎኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እያየሁ ኖሯል።

«እማ፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አለችኝ ልጄ።

«ቀድሞ የመጣውን» አልኳት። ከአባባና ከወንድማቸው ማንኛቸው ቀድመው እንደሚወርዱ ግን እኔም አላውቅም።