መስቀል የቆመበት ኬክ

ሰቆጣ ውስጥ ለእህቴ የመጀመሪያዋ ትልቅ ትዕዛዝ ይህ የሰርግ ኬክ ነበር። ሰርገኛው ከወደደላት ዳቦ ቤት ተቀጥራ መሥራቷ ይቀራል። እንደ ውቅር ቤተክርስቲያን ከላይ ወደ ታች ፈልፍለን ቀረጽነው፤ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። ጫፉ ላይ መስቀል አቆምን።

ተሸክመን ዳሱ ስንገባ ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ሙሽራዋ ቢላውን እንደያዘች ቀረች።

«መምሬ፣ ኬክ እኮ ነው፤ ይባርኩልንና ይቆረስ» አልኳቸው አባቷን፣ ቄሱን።

«በቤተክርስቲያን ላይ ቢላ ይነሳል እንዴ፣ ልጄ?»

መስቀሉን በጣቴ ነቀልኩት።

«ይኸው፣ ጭራሽ አፈረሳት» አሉ አንዲት አሮጊት።

ከዚያ ወዲያ ማንም ሳህን አላነሳም። ክሬሙ በሙቀቱ መውረድ ጀመረ። እህቴ ቢላውን ከሙሽራዋ እጅ ተቀብላ ግድግዳውን ቆረሰችና፣ ሁሉም እያያት፣ ብቻዋን መብላት ጀመረች።