እናኑ ትሙት

በእኛ አገር ሰው ሲምል በሚወደው ነው የሚምል፤ ያውም በሕይወት ባለው። «ገነነ ይሙት!» ያለች እናት ገነነን ጠልታው አይደለም። ከዓይኗ ብሌን አብልጣ ስለምትወደው ነው። በሞተ ሰው ግን ይሙት ተብሎ አይማልም፤ ደግሞ ስንቴ ሊሞት! ይህን የዳሞት ልጅ ሁሉ አፉን ሳይፈታ ያውቀዋል፤ የእናኑም ነገር የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ወይዘሮ ያምሮት ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ የገበሬ ሚስት ነበሩ። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ እናኑንና ታናሿን ገነነን። መሐላቸው ሁልጊዜ በገነነ ነው። ዶሮዋ እህል ስትበትንባቸው «ገነነ ይሙት፣ ዛሬ አርድሻለሁ!» ይሏታል። ዶሮዋ አርጅታ ሞተች እንጂ አልታረደችም። እናኑ ታዲያ ትቀና ነበር።

«እምየ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ በእኔ ብትምይ?» ትላቸዋለች።

«አንቺማ ሴት ነሽ፣ ነገ የሰው ነሽ» ብለው ይስቃሉ። እናኑ ትኮራረፍና ወንድሟን አዝላ ትወጣለች። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናታ!

በሰማንያ ዘጠኝ የመሬት ድልድል ሲመጣ አባታቸው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩና «ቢሮክራሲ»፣ የደርግ ርዝራዥ፣ ተባሉ። አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ያህል፣ ተተወችላቸውና የቀረው መሬት ለሌላ ተሸነሸነ። ሰውዬው ዓመት አልቆዩም፣ በብስጭት ሞቱ። እናኑ ያን ጊዜ ከባሏ ተፋትታ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። አራት ቃዳ ሦስት አፍ አይመግብም። ገነነ ከእናቱ ጋር ይቅር ተባለና እሷ በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ካርቱም ሰው ቤት ስታጥብ፣ ስትፈጭ ከረመች። ሱዳኑ ለሐበሻ ልዩነት አያውቅም፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ሐበሻው ግን እርስ በርሱ መተያየት የጀመረው ያን ሰሞን ነው፤ ባድመ ላይ ጦርነት ተነሥቶ ነበርና። እናኑ በጦርነቱ ወሬ መካከል አሠሪዎቿ አገር ለቀው ሄዱና ሜዳ ላይ ቀረች። ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ዴም የሚባለው ሰፈር ውስጥ በር ለበር ሥራ ስትጠይቅ፣ የአደይ ለተብርሃንን በር አንኳኳች።

አደይ ለተብርሃን የአስመራ ሴት ናቸው። ካርቱም ብዙ ዘመን የኖሩ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ባልቴት። በሩን ከፍተው በግንባሯ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አዩ፤ የአንገቷንም ንቅሳት አዩ፤ በትግርኛ ቢያናግሯት በአማርኛ መለሰች፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ከኢትዮጵያ ካባረሯቸው ነሽ፣ አይደል ጓለይ? ቋንቋሽን እንኳ ሳያስተምሩሽ! ግቢ፣ ግቢ ልጄ!»

በዚያ ሰሞን ኢትዮጵያ ተወልደው ያደጉ ኤርትራውያን እየተባረሩ ነበር፤ ከአማርኛ በቀር የማያውቁም ሞልተው ነበር። እናኑንም ከእነሱ አንዷ አደረጓት። ምን ትበል እንግዲህ? ከጓዳ የሽሮ ሽታ ይመጣል። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች። ዝምታ ውሸት ነው ወይ የሚል ካለ፣ እስቲ ሦስት ቀን ይራብና ይፍረድ።

የጎረቤት ኤርትራውያን ሴቶችም መጥተው አነጋገሯት። «አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው፣ ያስታውቃል» ተባባሉ። እናኑ አዲስ አበባን በሕልሟም አላየቻት! ያ ሁሉ የዳሞት አነጋገሯ፣ ቡሬ ገበያ ላይ በአንድ ቃል ከነቀበሌዋ የሚታወቅባት፣ ካርቱም ላይ የከተሜ ሆነ። አገሯ ቢሰማ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እሷን ግን አላሳቃትም፤ አንገቷን ደፍታ ዕቃ ታጥብ ጀመር።

አደይ ለተብርሃን አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሃይለ ሚካኤል የሚባል፤ ዘምቶ ግንባር ነበር። እናኑ በገባች በማግስቱ ምግብ ስታቀርብላቸው «ነይ አብረን እንብላ» አሏት። እሷ ደግሞ አፍራ ቆመች።

«ሃይለ ሚካኤል ይሙት፣ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም!»

እናኑ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እናቷን የሰማች መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸውን አጥባ፣ ቅባት አሽታ፣ ደግፋ እያስነሣች እንደ ልጅ ጦረቻቸው። እሳቸውም እንደ ልጅ ያዟት። ብዙ ጊዜ «እኔኮ ጎጃሜ ነኝ» ልትል አፏን ትከፍትና፣ ፊታቸውን ታይና ትተዋለች። የቆየ ነገር ደግሞ ባደረ ቁጥር ይከብዳል።

በበርበሬ ንግድ ከቡሬ ካርቱም የሚመላለስ ባዬ የሚባል የአገሯ ሰው ነበር። እንደ ዘመኑ ልማድ የቤተ ሰብ ድምፅ በካሴት ቀርጾ ያመጣላታል። በአንዱ ካሴት ገነነ ራሱ «እታለም፣ ወታደር ልገባ ነው፤ መሬት የለኝ፣ ምን ላርስ ብለሽ ነው? እምየን አደራ» አላት። እናኑ ለአደይ ለተብርሃን «ወንድሜም ዘመተ» ብላ ነገረቻቸው። በየት በኩል ብለው አልጠየቋትም፤ ምን ያጠያይቃል! ከዚያ ወዲያ ንጋት ንጋት ላይ ሁለቱ ሴቶች ግድግዳው ላይ ካለችው የማርያም ሥዕል ፊት ይቆሙና «ሃይለ ሚካኤልንና ገነነን በሰላም መልሺልን» ይላሉ። ሁለቱ ልጆች እዚያ ምሽግ ለምሽግ ይተያያሉ፤ እዚህ በአንድ ጸሎት ይጠራሉ። ይህን የምታውቀው እናኑ ብቻ ነበረች፤ እያወቀችም አሜን ትላለች።

በዓመቱ ባዬ ሌላ ካሴት አመጣ። ሰጥቷት ዓይኗን ሳያይ ሄደ። እናኑ ከጓዳ ተቀምጣ ከፈተችው። የወይዘሮ ያምሮት ድምፅ ሻክሯል።

«እንደ ምን ሰነበትሽ ልጄ። ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ድምፄ አያስደንግጥሽ። ዝናሙ ደኅና ነው፤ ላሚቱ ወልዳለች። ገነነ ሥራ በዝቶበት ነው መሰል አይልክም። በሐሳብ እንዳትጎጂ። እናኑ ትሙት፣ ሁላችንም ደኅና ነን።»

እናኑ ካሴቱን አቆመችው። መልሳ አጠነጠነችና እንደገና ሰማችው። «እናኑ ትሙት፣ ሁላችንም ደኅና ነን።» በአገሯ፣ ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ብቻውን ምን ይሆናል ተብሎ ይደበቃል። ወይዘሮ ያምሮትም ሁሉን ደብቀው፣ አፋቸው በለመደው መሐላ ከዳቸው፤ በገነነ መማል አልቻሉም። በልጅነቷ የተመኘችው ቀን መጣላት፣ እናቷ በእሷ ማሉ። ምነው ባልተመኘችው ኖሮ!

ጩኸቷን የሰሙ አደይ ለተብርሃን በከዘራ እየተጎተቱ መጡ። «ወንድሜን!» ብቻ አለቻቸው። ነገሩ ገባቸው፤ አብረዋት ወደቁ። ወዲያው የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤቱን ሞሉት። ሲያጽናኗት ዋሉ። አንዷ፣ ደግ ሴት ናት፣ እናኑን እቅፍ አድርጋ፣

«የገደለውን እጁን ይቁረጠው! እናቱ በሬሳው ላይ ታልቅስ!» አለች።

«አሜን!» አሉ ሌሎቹ።

እናኑ ቀና አለች። የሚረግሙት የእሷን ወገን ነው፤ የሬሳ ላይ ለቅሶ የሚመኙላት እናት የወይዘሮ ያምሮት ጎረቤት ናት፣ ወይም ራሳቸው ወይዘሮ ያምሮት ናቸው። ገነነ አገሩ ሳይነሣ፣ የሌላ አገር ልጅ ተብሎ ሊለቀስለት ነው። ለእንጀራ ብላ ራሷን ደብቃለች፤ ሬሳ ግን እንዴት ይደበቃል? ብድግ አለችና ደረቷን እየደቃች እንደ አገሯ ሙሾ አወረደች፦

ወንድሜ ገነነ፣ የዳሞት ገበሬ፣
መሬት ቢነፍጉት አፈር ለብሷል ዛሬ።

አማርኛ የሚያውቀው ላላወቀው አንሾካሾከ። ያቺ ያቀፈቻት ሴት እጇን ሰበሰበች። አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ፤ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«አንቺ፣ የየት አገር ሰው ነሽ?» አሉ አደይ ለተብርሃን።

«የጎጃም።»

«ወንድምሽስ?»

እናኑ መሬት መሬት አየች። አሮጊቷ ወደ ሥዕሏ ዞሩ። ያ ሁሉ ንጋት፣ ያ ሁሉ አሜን ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

«ሐዘንተኛ ከቤት አይባረርም» አሉ በመጨረሻ፤ «ሠልስቱን ተቀመጪ።»

ሦስት ቀን በዚያ በማይታዘዝ እግራቸው ምድጃ ሥር ቆመው ምግቧን ራሳቸው አቀረቡላት። አብረዋት ግን አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ጓዟ በር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እግራቸው ላይ ወድቃ «ይቅር በሉኝ» ስትላቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። ያን ስንት ወር ያሸችውን እግር! በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

እናኑ አገሯ ገባች። እናቷን ይዛ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፈተች። የሆነውን ሁሉ ስትነግራቸው ወይዘሮ ያምሮት የተቆጡት በሌላ አልነበረም፤ «የእናት ቂም ተይዞብሽ እንዴት ትኖሪያለሽ? ይቅር አስብይ!» ነው ያሏት። ከዚያ ወዲህ ባዬ ወደ ሱዳን በወረደ ቁጥር «አደራ፣ ይቅርታ ለምንልኝ» ትለዋለች። በተመለሰ ቁጥርም ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣

«አያ ባዬ፣ አገኘሃቸው?» ትለዋለች።

«አግኝቻቸው ነበር። ስምሽን ስጠራ በሩን ዘጉብኝ።»

ጦርነቱ ቆመ፤ ዓመት እንዲህ አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት። እናኑ ሌላ ባል አላገባችም፤ የመጣላትን ሁሉ «ቆይ» እያለች መለሰች። ሰዉ ሱዳን የቀረ ወዳጅ አላት ብሎ አማት። ይማ፣ አፍ ያለው ሁሉ ያወራል።

በዘጠና ስድስት፣ ጥቅምት ላይ ባዬ ከመኪናው እየሳቀ ወረደ።

«እንኳን ደስ ያለሽ እታለም! ዘንድሮ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። በጣም አርጅተዋል። ቁጭ አድርገው አብልተው፣ ‹ቂም የለኝም በላት› አሉኝ። እልል በይ እንጂ!»

እናኑ የመጀመሪያዋን እልልታ ጀመረች፤ ከዚያ አቋረጠችው።

«ከአፋቸው እንደ ወጣ ንገረኝ፣ አያ ባዬ። ምን ብለው ጀመሩ?»

«እንዲያውም ምለውልሻል! ‹እናኑ ትሙት፣ ቂም የለኝም በላት› ነው ያሉኝ።»

«በማን ማሉ?»

«በአንቺ ነዋ! እንደ ልጅ ቢያዩሽ አይደል…» ባዬ የጀመረውን ሳይጨርስ ቆመ፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እሱም የዳሞት ልጅ ነው። ጦርነቱ የበላቸው የኤርትራ ልጆች መርዶ ለየቤቱ የደረሰው ባለፈው ሰኔ መሆኑንም ሰምቶ ነበር።

እናኑ ባለችበት ቆማ ቀረች። ከእሷ የቀደሙት ወይዘሮ ያምሮት ናቸው። ያን መሐላ ከእሳቸው ሌላ ማን ያውቀዋል? ከጓዳ ወጡ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠው «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ። እናኑም ከእግራቸው ሥር ወደቀች።

መናኸሪያው ሁሉ ተሰበሰበ። ተሳፋሪው፣ ረዳቱ፣ በርበሬ ነጋዴው።

«ማን ሞቶባችሁ ነው እናቴ?» አላቸው አንዱ።

«ልጅ ነው» አሉ ወይዘሮ ያምሮት፤ «ሃይለ ሚካኤል የሚባል።»