እንደ ራሴ

ሥራዬ የሞቱ ሰዎችን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው፤ የሚስቅ ይስቃል። ቶሮንቶ መሃል ከተማ ባለ አንድ የድሮ መዛግብት ቢሮ በኮንትራት ተቀጥሬ፣ ይህ አገር ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለ በመጀመሪያው ምክር ቤት የተቀመጡትን ሰዎች ካርድ እያየሁ እተይባለሁ። ስም፣ የመጣበት ቦታ፣ መተዳደሪያ፣ ፓርቲ።

ጣጣው ያለው ፓርቲ የሚለው ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ገበሬው፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ጡረታ የወጣው ወታደር፣ ጎረቤቱ ሲልከው መጥቶ ይቀመጣል፤ ጠዋት ከአንዱ ጋር እጁን ያወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ከሌላው ጋር። ሲስተሙ ግን ይህ አይገባውም። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሴቭ አያደርግም። አለቃዬን ብጠይቃት፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ኢንዲፔንደንት ብለሽ ሙዪው አለችኝ። ሞላሁ። ሲውል ሲያድር እጄ ራሱ ይጽፈው ጀመር።

አባቴ፣ አባባ የምላቸው፣ እዚሁ ቶሮንቶ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር እኔ ጋ ነበር የሚኖሩት፤ ስፖንሰር አድርጌ ነው ያመጣኋቸው። እሳቸውም በጃንሆይ ዘመን፣ እኛም አገር ፓርቲ ሳይኖር፣ አንድ ዙር ፓርላማ ገብተው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ድልድይ ሲናገሩ ቆዩ፤ ድልድዩ አልተሠራም። እኛ ቤት ግን በዚያ ድልድይ ያልተሻገረ ሰው የለም፣ ስንት ጊዜ ሰምተነው።

ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ዛሬ እነማን መጡ ይሉኛል። የሞቱትን ማለታቸው ነው። እነግራቸዋለሁ። አንዱ በበረዶ ስንት ቀን ተጉዞ ሲደርስ ስብሰባው ተበትኖ እንደጠበቀው ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። የላኩትን ሰዎች በምን ዓይኑ ያያቸው ይሆን እያሉ እራታቸውንም በቅጡ አልበሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ምሳ እየበላን፣ እነዚህ ሰዎችሽ ወገናቸው ወዴት ነው አሉኝ። ወገን የላቸውም፣ “የግል” ብዬ ነው የምሞላው አልኳቸው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ከአገር ቤት ዜና የምንሰማው ቃል ነው፤ የግል ተወዳዳሪ። ኢንዲፔንደንትን ሌላ ምን ብዬ ልተርጉመው?

ማንኪያውን አስቀመጡ። መንግሥት ሲለወጥ ሦስት ዓመት መታሰራቸውን አውቃለሁ፤ በምን እንደሆነ ግን ተናግረው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ነገሩኝ። የማን ወገን ነህ ተባሉ። የላከኝ ሕዝብ ወገን ነኝ ቢሉ ሰሚ አላገኙም። ፋይላቸው ላይ፣ ፓርላማ የገባው ለግል ጥቅሙ ነው ተብሎ ተጻፈ።

“እኛ እኮ የምንባለው እንደራሴ ነበር” አሉኝ። “እንደ ራሴ። ያ ገበሬ፣ እሱ ማለት እንደ ራሴ ነው ብሎ ነው የላከኝ። እንደ ራሴ የተባለ ሰው እንዴት የግል ይሆናል? ስሞት ታሪኬ ሲነበብ ይህች ቃል እንዳትነበብብኝ። አደራ።”

እሺ አባባ አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ባለፈው የካቲት አረፉ። ጠዋት ሻይ ይዤ ብገባ የሉም። አላለቀስኩም። ሻዩን ደፋሁ፣ ብርጭቆውን አጠብኩ፣ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ዳንፎርዝ ሰፈር ያሉት ያገሬ ሰዎች ደረሱልኝ፤ ወንበር መጣ፣ ምግብ መጣ፣ ብዪ እንጂ አሉኝ፣ በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም። ውስጤ ምንም አልነበረም።

ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪክ የሚጽፉልን አንድ አዛውንት አሉ። እሳቸው ደወሉና ይጠይቁኝ ጀመር። የት ተወለዱ፣ መቼ አገቡ፣ ስንት ልጅ። አንድ በአንድ መለስኩ፣ እንደ ካርዶቼ።

“ፓርላማም ነበሩ አሉ። ሰው መጠየቁ አይቀርም፣ የየትኛው ፓርቲ ነበሩ?”

“የግል” አልኳቸው።

በቃ ይኸው ነው። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? ስልኩን ስዘጋ እንኳ ምን እንዳልኩ አላስተዋልኩም።

ቤተ ክርስቲያን ከጸሎቱ በኋላ ታሪካቸው ተነበበ። አዛውንቱ ድምፃቸው ያምራል፣ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። “በግል ተመርጠው ፓርላማ በመግባት” ሲሉ ቀና አልኩ። ከሞቱ ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ነው፤ አፈርኩ። ዘወር ብዬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ ሰው ምን ያውቃል። ተነስቼ አዛውንቱን፣ ይቅርታ አባቴ፣ እሷ ቃል ትውጣ ማለት እችል ነበር። አባባ ላልተሠራ ድልድይ አራት ዓመት ሙሉ እየተነሱ ተናግረዋል። እኔ ለአንዲት ቃል አንድ ጊዜ መነሳት አቃተኝ። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

ስንወጣ ሰዎች እጄን እየጨበጡ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ታሪክ ነው አሉኝ። አመሰገንኩ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የመጀመሪያው ካርድ የአንድ ገበሬ ነበር። ፓርቲ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሳጥኑን ባዶ ትቼ ሞከርኩት፤ ሴቭ አላደርግም አለ። አለቃዬ ምነው አለችኝ። ምንም አልኳትና እንደወትሮው ሞላሁት።

ቤት ስገባ፣ ዛሬ እነማን መጡ የሚለኝ ያለ ይመስል፣ በሩ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ አወለቅኩ።